የተሰረዘ ቃልና የተረሳ ሰው

ባለፈው ዓመት በአንድ የልማት ጽሕፈት ቤት የሚያገለግል ወጣት አንድ ጥያቄ ይዞ ወደ እኔ መጣ። የዕለት ሥራው ለውጭ ለጋሽ ድርጅቶች የሚላኩትን የፕሮጀክት ማመልከቻዎች በእንግሊዝኛ ማዘጋጀት ነው። «አባ፣» አለኝ፣ «በኮምፒዩተራችን ላይ አንድ ሶፍትዌር እንድጭን ታዝዣለሁ። ማመልከቻው ከመላኩ በፊት ፕሮግራሙ ያነበውና ለጋሾች ዛሬ የማይወዷቸውን ቃላት እየለቀመ በቀይ ቀለም ያሳየናል። እኛም በሌላ ቃል እንተካቸዋለን። ይህን የምናደርገው ገንዘቡ እንዳይቀርብን ነው። ነገር ግን ልቤ አላረፈም። ይህ ጥንቃቄ ነው ወይስ ውሸት?»

ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። ያልሰጠሁበትንም ምክንያት ወደ ኋላ እገልጻለሁ። አስቀድሜ ግን ይህ ጉዳይ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞችን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። ቃልን ለሰሚው ጆሮ እንዲስማማ አድርጎ መለወጥ ሁላችንም በየቀኑ የምንሠራው ሥራ ነው፤ በገበያ፣ በሽምግልና፣ በጉባኤ፣ አንዳንዴም በኑዛዜ ሳይቀር።

የመሣሪያው አሠራር ቀላል ነው። አንድ ሰው አስቀድሞ የቃላት ዝርዝር ያዘጋጅለታል። ፕሮግራሙም ማመልከቻውን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ከዝርዝሩ ጋር እያመሳከረ፣ የተመሳሰለውን ቃል ሁሉ ምልክት ያደርግበታል፤ ስንት ጊዜ እንደ ተጻፈም ይቆጥራል፤ አንዳንዱም ምትክ ቃል ያቀርባል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተሠሩት ዐረፍተ ነገሩን በሙሉ አይተው እስከ መገመት ደርሰዋል። ይሁን እንጂ የትኛው ቃል አሳሳቢ እንደ ሆነ የሚነግራቸው ሰው ነው። ከቃሉ በስተጀርባ ማን እንደ ቆመም አያውቁም። ወንፊት ዱቄቱን ከእንክርዳዱ የሚለየው በቀዳዳው ስፋት ነው እንጂ ዳቦውን ማን እንደሚበላው በማሰብ አይደለም።

መሣሪያው ሰሞኑን እንዲህ የተፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ለሁለተኛ ጊዜ ሥልጣን በያዙበት ዕለት፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዩናይትድ ስቴትስ ለውጭ አገሮች የምትሰጠው የልማት ዕርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም «ብዝኃነት፣ ፍትሐዊነትና አካታችነት» የሚባሉት መርሐ ግብሮች እንዲዘጉ አዘዙ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የዚያው አገር ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ሠራተኞች በሺህ የሚቆጠሩ የምርምር ድጎማዎችን በቃላት ዝርዝር እየፈተሹ መሆናቸውን ጋዜጦች ዘገቡ። በዝርዝሩ ውስጥ ሴቶችን፣ አካል ጉዳትን፣ የመንፈስ ስብራትን፣ አድልዎን የሚያመለክቱ ቃላት ነበሩበት። በየካቲት ወር ደግሞ የሴኔቱ የንግድ ኮሚቴ ከ3,400 የሚበልጡ፣ በጠቅላላው ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የወጣባቸውን ድጎማዎች በዚሁ መንገድ ለቅሞ ስማቸውን ይፋ አደረገ። ከእነዚህ መካከል የናና ወገን የሆኑ ዕፅዋት እንዴት እንደ ተስፋፉ የሚያጠና ምርምር ይገኝበታል። ዕፅዋቱ በጊዜ ብዛት ዓይነታቸው እንደ በዛ የሚገልጸው ቃል ከዝርዝሩ ጋር ስለ ተመሳሰለ ተጠርጣሪ ሆነ። የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት፣ ዩ.ኤስ.ኤይድ፣ ከሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የዕርዳታ ሥራውን አቆመ። በአገራችን በድርቅና በጦርነት ለተጎዱት እህል ሲያደርስ የኖረው ካቶሊካዊ የዕርዳታ ድርጅት፣ ሲ.አር.ኤስ.፣ ከዚሁ መሥሪያ ቤት ብዙ ይቀበል ስለ ነበር፣ ነፋሱ ወደ እኛም ቤት ገብቷል።

ነገሩ ግን ያን ጊዜ የተጀመረ አይደለም። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሠራተኞች በበጀት ሰነድ ላይ ሰባት ቃላት እንዳይጽፉ ተነገራቸው የሚል ዜና ወጥቶ ነበር። የማዕከሉ ኃላፊም የተከለከለ ቃል የለም ሲሉ መልሰዋል። በዜናው ከተዘረዘሩት ሰባት ቃላት አንዱ «ተጋላጭ» የሚለው ነበር፤ ሌላው ደግሞ «ፅንስ» የሚለው። በማኅፀን ያለው ሕፃንና በመንገድ ዳር ያለው ደካማ በአንድ ዝርዝር ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብዓዊ መብት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በግጭት አፈታትና በእርቅ ሥራ እንዳይሰማሩ ይከለክል ነበር። ያን ጊዜ «መብት» የሚለውን ቃል ከስማቸውና ከዓላማቸው ፍቀው «ልማት» ወይም «አገልግሎት» ያሉ ድርጅቶች ጥቂቶች አልነበሩም። አንዳንዶቹ ቃሉን ለጊዜው ሸሽገው ሥራውን ጠበቁ። ሌሎቹ ግን ቃሉን በተዉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሥራውንም ተዉት። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካ፣ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ለመመለስ ከየት እንደሚጀምሩ የጠፋባቸው ነበሩ።

እውነቱን ለመናገር ደግሞ ጥፋቱ ቃል በመሰረዝ ብቻ አይደለም። ለጋሾች አንድን ቃል ሲወዱት፣ ያ ቃል በሌለበት ቦታ ሁሉ እንሰካው ነበር። ስለ ንብ ቀፎ በተጻፈ ማመልከቻ ውስጥ የአየር ንብረት፣ የሴቶች ተሳትፎና የወጣቶች ሥራ ፈጠራ በአንድ ገጽ ላይ ተጨናንቀው አይቻለሁ። ዛሬ የሚሰረዙት ቃላት አንዳንዶቹ ትናንት ያለ እምነት የጻፍናቸው ናቸውና፣ ጣታችንን ወደ ሌሎች ብቻ ልንቀስር አይገባም። ገንዘቡን የሚሰጥ ወገንም ገንዘቡ ለምን ሥራ እንዲውል የመወሰን መብት አለው።

እንግዲህ ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። ቃልን መለወጥ ውሸት ነውን? ቅዱስ አጎስጢኖስ ስለ ውሸት ሁለት መጻሕፍት ጽፎ፣ ለማታለል አስቦ ሐሰትን መናገር ለበጎ ዓላማም ቢሆን እንደማይፈቀድ አስተምሯል። ቅዱስ ቶማስ አኲናስም እርሱን ተከትሎ ይህንኑ ካጸና በኋላ አንድ ልዩነት አደረገ፤ ሐሰትን መናገር አንድ ነገር ነው፣ እውነትን በጥበብ መሸፈን ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2488 እና 2489 እውነትን የመስማት መብት ለማንኛውም ጠያቂ ያለ ገደብ የተሰጠ አለመሆኑን፣ ምን መናገርና ምን ዝም ማለት እንደሚገባ ፍቅር ሊመራን እንደሚገባ ያስረዳል።

ስለዚህ ሰሚው እንዲረዳው ተብሎ የተለወጠ ቃል ሁሉ ኃጢአት አይደለም። እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ከማንም ይበልጥ ታውቃላችሁ። ለሰባት ዓመት ሕፃን ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ ስታስተምሩ ትምህርቱን በጉባኤ ቃል አትጀምሩም፤ እግዚአብሔር እንደ እኛ ሕፃን ሆኖ እንደ ተወለደ ትነግሩታላችሁ። ቃሉ ተለወጠ፤ እውነቱ ግን ለሕፃኑ ደረሰ። ይህ የአስተርጓሚ ሥራ ነው፤ የተባረከም ሥራ ነው።

ይሁንና ቅዱስ ቶማስ ስለ መሸፈን ሲናገር ያነሣውን ምሳሌ በጥንቃቄ እንመልከት። አብርሃም ረኀብ በጸናበት ጊዜ እህል ወዳለበት ወደ ግብፅ ወረደ። እንዳይገድሉት ፈርቶም ሣራን ሚስቴ ናት በማለት ፈንታ እኅቴ ናት አለ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 20 እንደምናነበው ሣራ በአባቱ በኩል በእርግጥ እኅቱ ነበረች። ስለዚህም ቅዱስ አጎስጢኖስና ቅዱስ ቶማስ አብርሃም እውነትን ሸፈነ እንጂ አልዋሸም ብለው ተከራከሩለት። በዛሬ አነጋገር አንድ አሳሳቢ ቃል አውጥቶ የማያሰጋ ቃል ተካ። ማመልከቻውም ተቀባይነት አገኘ፤ በጎችና ላሞች፣ አህዮችና ግመሎች ተሰጡት። ሣራ ግን ወደ ፈርዖን ቤት ተወሰደች። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ ዋጋውን የከፈለችው ግን ስሟ የተለወጠባት ሴት ናት። ያዳናት እግዚአብሔር ነው እንጂ የአብርሃም ጥበብ አይደለም።

ለወጣቱ ወዲያው መልስ ያልሰጠሁበት ምክንያት ይህ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ቍምስና ሳገለግል በውሃ ፕሮጀክት ማመልከቻ ላይ ፈርሜአለሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ ባሎቻቸው ስለ ሞቱባቸውና በአማቶቻቸው ወይም በወንድሞቻቸው ግቢ ተጠግተው ስለሚኖሩ ሴቶች ይናገር ነበር፤ ከሁሉ ርቀው ውሃ የሚቀዱት እነርሱ ነበሩና። «የዘንድሮው ገንዘብ ለማኅበረሰብ መሠረተ ልማት እንጂ ለሴቶች ጉዳይ አይደለም» የሚል ምክር ደረሰን። እኛም «መበለቶች» የሚለውን ሰርዘን «ቤተሰቦች» ብለን ጻፍን። ያን ጊዜ ቃል የሚለቅም ሶፍትዌር አልነበረንም፤ የሰረዝነው በእስክሪብቶ ነው። ሐሰት አልጻፍንም፤ መበለትም የቤተሰብ አባል ናትና። ገንዘቡ መጣ፤ ቦኖው ተሠራ፤ በምረቃው ዕለት ውሃውን የባረክሁት እኔ ነበርሁ።

የውሃ ኮሚቴው ግን ተጠቃሚዎችን የመዘገበው ማመልከቻው በሚለው መሠረት በቤተሰብ፣ ማለትም በአባወራው ስም ነው። የራሷ ቤት የሌላት መበለት የራሷ ቁጥር አልነበራትም። ለመቅዳት የአማቷን ካርድ መለመን ነበረባት፤ ተራዋም ሁሉም ከቀዱ በኋላ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ቀርበው፣ «አባ፣ ያን ወረቀት እርስዎ ሲጽፉ እኛን አላዩንምን?» አሉኝ። የዘገባውን ቅጽ አውጥቼ ተመለከትሁ። መበለቶች ስንት እንደ ሆኑ የሚሞላበት ዓምድ አልነበረበትም። ስለሌለውም ለጋሹ አልጠየቀንም፤ ኮሚቴው አልቈጠራቸውም፤ እኔም ረስቻቸው ነበር። ከሁሉ የከበደኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ቃሉን የሰረዝሁት ሌላውን ሰው ለማስደሰት ነበር፤ በጊዜ ብዛት ግን ከገዛ ልቤም ተሰረዘ።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። መበለቲቱ ከስሟና ከውሃው አንዱን ምረጪ ብትባል ውሃውን አትመርጥምን? በቃል ላይ ጸንተን ውሃው ቢቀር፣ የምንጸናው በእርሷ ጥማት አይደለምን? ይህ ተቃውሞ ትክክለኛ ነው፤ በቀላሉም ሊታለፍ አይገባውም። ለቃል ክብር ብለን የድኻን ውሃ ልናስቀር አልተፈቀደልንም። ስለዚህ የሚያስፈልገን በየትኛው ቃል ላይ መጽናት፣ የትኛውንም መልቀቅ እንዳለብን የምንለይበት ማስተዋል ነው።

በዚህ ነገር መምህራችን ቅዱስ አትናቴዎስ ነው፤ አባታችንን አቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጵጵስና ሾሞ ወደ አክሱም የላከልን። እ.ኤ.አ. በ325 የኒቅያ ጉባኤ ወልድ ከአብ ጋር አንድ ባሕርይ መሆኑን በግሪክኛ «ሆሞኡሲዮስ» በሚል ቃል አጸና። ዘግይቶ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ቈስጠንጢዮስ በቃሉ ምክንያት የሚነሣው ክርክር መንግሥቱን አወከበት። እ.ኤ.አ. በ357 በሲርምዩም የተሰበሰቡ ጳጳሳት ይህ ቃልና ተዛማጆቹ ከእንግዲህ በቤተ ክርስቲያን እንዳይነገሩ ወሰኑ። ሕዝቡን ያደናግራል፣ በመጽሐፍ ቅዱስም አይገኝም የሚል ምክንያት ሰጡ። ይህም በዘመኑ የተዘጋጀ አሳሳቢ የቃላት ዝርዝር ነበር። ያው ንጉሥ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ አቡነ ሰላማ ለምርመራ ወደ እስክንድርያ እንዲላኩ ጠይቋል፤ ደብዳቤውን በጽሑፉ ውስጥ ያቈየልን ራሱ አትናቴዎስ ነው። አትናቴዎስ አምስት ጊዜ ተሰደደ እንጂ ቃሉን አልለቀቀም፤ ቃሉ ቢሰረዝ የወልድ አምላክነት አብሮ እንደሚሰረዝ አይቷልና።

ነገር ግን ያው አትናቴዎስ እ.ኤ.አ. በ362 በእስክንድርያ ሲኖዶስ ሰብስቦ ያደረገውን እንመልከት። ስለ ሥላሴ ሲናገሩ «ሂፖስታሲስ» የሚለውን ቃል አንዳንዶቹ አንድ፣ ሌሎቹም ሦስት እያሉ ይወጋገዙ ነበር። አትናቴዎስ ቃሉን ቈጥሮ አልፈረደም። እያንዳንዱን ወገን ምን ማለታችሁ ነው ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም አንዱን እምነት በተለያየ ቃል እንደሚናገሩ ባወቀ ጊዜም ሁለቱንም ተቀበለ። ስለ አንድ ቃል ስደትን የመረጠ ሰው በሌላ ቃል ላይ ለወንድሞቹ ሰፊ ሆነ። ለሁለቱም ውሳኔ መነሻው አንድ ነው፤ ቃሉ ሲለወጥ ነገሩ ይቀራል ወይስ አብሮ ይሄዳል?

አንድ ሌላ ምሳሌ ከዘመናችን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1994 በካይሮ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የልማት ጉባኤ፣ በሰነዱ ውስጥ «የሥነ ተዋልዶ ጤና» የሚለው ቃል ፅንስ ማስወረድን እንዳያካትት ቅድስት መንበር ሰግታ ነበር። ከጉባኤው ወጥታ አልሄደችም፤ በልቧ ሌላ እያሰበችም በዝምታ አልፈረመችም። የተስማማችበትን ተቀብላ፣ ያልተስማማችበትንና ቃሉን በምን ትርጉም እንደምትረዳው በግልጽ አስመዘገበች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1679 ያወገዙት በአፍ አንድ ነገር ተናግሮ የዐረፍተ ነገሩን ግማሽ በልብ ማስቀረትን ነበር። በካይሮ ግን በልብ ያለው በወረቀት ላይ ወጣ። ለጋሹ አሳዳጃችን አይደለም፤ ገንዘቡን በአደራ የሚሰጠን የሥራ ባልንጀራችን ነው፤ በቃሉ ምን ማለታችን እንደ ሆነ ማወቅም ይገባዋል።

ከዚህ በኋላ ወጣቱን አስጠርቼ መልሴን ነገርሁት። ሶፍትዌሩን መጫን በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ሰው በርቀት የማያየውን ሊያሳይ ይችላል፣ ያለ እምነት የሰካነውንም ቃል ያጋልጥልናል። ነገር ግን ምልክት ያድርግ እንጂ በራሱ እንዲተካ አትፍቀድለት። በእያንዳንዱ ቀይ ምልክት ላይ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁ። ቃሉ ቢለወጥ፣ የሚያመለክተው ሰው በበጀቱ፣ በመዝገቡና በዘገባው ቅጽ ውስጥ ይገኛልን? ለጋሹ ምን ማለታችሁ ነው ቢለን፣ ፊት ለፊት ልንነግረው እንደፍራለንን? ማመልከቻው ለተጻፈለት ሰው በቋንቋው ቢነበብለት፣ ይህ የእኔ ነገር ነው ይላልን? ሦስቱንም አዎን ከተባለ ቃሉን ያለ ጸጸት ለውጡ፤ ውሃው ከስሙ ይበልጣልና። አንዱ እንኳ አይሆንም ከተባለ ግን ቃሉን አትንኩት። መበለቲቱ ያልተቈጠረችበት ውሃ ስሟንም ውሃዋንም ይወስድባታል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ወጣቱ ጥቂት አስቦ፣ «አባ፣ ፕሮግራሙ ሁለተኛ ዝርዝር ሊቀበል ይችላል» አለኝ። በመጀመሪያው ዝርዝር የተጻፈው ቃል ሲገኝ ምልክት ያደርጋል። በሁለተኛው ዝርዝር የተጻፈው ግን ከረቂቁ ሲጠፋ ምልክት ያደርጋል። መበለቶቹን፣ ዐይነ ስውሮቹን፣ ከሰሜን ተፈናቅለው የመጡትን፣ በቀን ሥራ የሚያድሩትን ልጆች በሁለተኛው ዝርዝር አስገባቸው። ከዚያ ወዲህ ረቂቁ በቀይ ሲበራ፣ አንዱ ቀይ ይህን ቃል ጽፋችኋልና ተጠንቀቁ ይላል፤ ሌላውም ይህን ሰው ረስታችኋል ይላል። እኔ በእስክሪብቶ የሰረዝሁ ጊዜ እንዲህ ያለ የሚጮኽ ነገር በአጠገቤ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልሆነም። በዚህ መንገድ ከተላኩት ማመልከቻዎች አንዱ ተቀባይነት አላገኘም፤ ምክንያቱም አልተገለጸልንም። ወጣቱ አዝኗል፤ እኔም አዝኛለሁ፤ ውሃውን የሚጠብቁት ደግሞ ከሁለታችን ይበልጥ ያዝናሉ። ለእነርሱ የምንነግራቸው ስለ እነርሱ ምን እንደ ጻፍን ነው። ምንጩ ደርቆ ሳለ ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን ያን ወረቀት ይዘን በፊታቸው ልንቆም እንችላለን፤ ሌላ በር ስናንኳኳም ስማቸው ከእኛ ጋር ይሄዳል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ከእናንተ አንድ ነገር እለምናለሁ። በየቍምስናችሁ ስም ማመልከቻ ሲጻፍ ረቂቁን ጠይቃችሁ ውሰዱ፤ ወደ አማርኛ ወይም ወደ አካባቢው ቋንቋ መልሳችሁም ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ለተጻፈላቸው ሰዎች አንብቡላቸው። የማያነቡት እናቶች በፊተኛው መቀመጫ ይቀመጡ። አንዲቱ እጇን አንሥታ፣ «እኔ የቱ ጋ ነኝ?» ብላ ብትጠይቅ፣ መልሱን በጣታችሁ ልታሳዩ ይገባችኋል። ልታሳዩ ካልቻላችሁ፣ ማመልከቻው ገና አልተጠናቀቀም።